የመሳላ ዓይኖች፦ «ቤን ሀር»ን ደግመን ስናይ

በትንሣኤ ሰሞን የወጣቶች ኅብረታችን «ቤን ሀር»ን በአዳራሽ አሳይቶ ነበር። ፊልሙ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ስለሚወስድ ሻይና ቆሎ ተዘጋጅቶልናል። ይሁዳና መሳላ ከዓመታት መለያየት በኋላ ተገናኝተው ሲተቃቀፉ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ «እነዚህማ ጓደኛ ብቻ አይደሉም!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ፤ እኔም ሳቅሁ። በሚቀጥለው እሑድ፣ ሁልጊዜ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚመጡ ሁለት ጓደኛሞች እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው፣ ተራርቀው ሲገቡ አየሁ። ሳቄ የቆረቆረኝ ያን ጊዜ ነው። ፊልሙንም ብቻዬን ደግሜ አየሁት።

ልጁ ነገሩን ከራሱ አላመነጨውም። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1959 ወጥቶ 11 የኦስካር ሽልማት ወሰደ። በጽሑፉ ላይ ከሠሩት ደራስያን አንዱ ጎር ቪዳል ነበር፤ ስሙ ግን በፊልሙ ላይ አልሰፈረም። ቪዳል እ.ኤ.አ. በ1995 «ሴሉሎይድ ክሎዘት» በተባለ ዘጋቢ ፊልም ላይ ጉዳዩን እንዲህ ተረከ፦ ሁለት የልጅነት ጓደኛሞች በአንድ የፖለቲካ ክርክር ብቻ እስከ ሞት መጣላታቸው አላሳመነውም። ስለዚህ ለዳይሬክተሩ ለዊልያም ዋይለር ሐሳብ አቀረበ። ሁለቱ በልጅነታቸው ፍቅረኞች ነበሩ፤ መሳላ ያንን መቀጠል ሲፈልግ ይሁዳ እምቢ አለው፤ ነገሩ ግን በቃል አይነገርም። መሳላን የሚጫወተው ስቲቨን ቦይድ እንዲያውቅ፣ ይሁዳን የሚጫወተው ቻርልተን ሄስተን ግን እንዳይሰማ ተደረገ ይላል። ሄስተን ይህን ትረካ አጥብቆ አስተባብሏል። ዘጋቢው ፊልም ሲወጣ ደግሞ ቦይድም ዋይለርም በሕይወት አልነበሩም። በዚያ ዘመን የሆሊውድ ደንብ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን በግልጽ ማሳየት ይከለክል ስለነበር፣ እንዲህ ያለ ነገር ቢታሰብ እንኳ በዓይን እንጂ በቃል የሚገባበት መንገድ አልነበረም።

ምስክሮቹ ካልተስማሙ የሚቀረን ፊልሙ ራሱ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ትዕይንት ላይ የቦይድ ዓይኖች ከይሁዳ አይነቀሉም። ሁለቱ ጦራቸውን ወርውረው ከጣራው ሥር የተሻገሩትን አግዳሚዎች አንድ ቦታ ላይ ይመታሉ፤ ክንዳቸውን አቆላልፈው ወይን ይጠጣሉ። መሳላ የሚስቀው እንደ ጓደኛ ብቻ ሳይሆን ብዙ እንደጠበቀ ሰው ነው። ሄስተን ደግሞ ደስ ብሎታል፣ ግን ያ ረኀብ በፊቱ ላይ የለም። በመሳላ ፊት ላይ የተባለውን ያየ ሰው ከሜዳ አልፈጠረውም። ስለዚህ «ይህ ስለ ክርስቶስ የሚናገር ፊልም ስለሆነ እንዲህ ያለ ነገር ሊኖርበት አይችልም» ብሎ መከራከር ፊልምን ማየት አይደለም፤ ዓይንን መጨፈን ነው።

ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ይህ አነባበብ ወንጀሉን ያስረዳልን? እኔ አያስረዳም ባይ ነኝ። የታሪኩ ምንጭ የሆነው ሉ ዋላስ እ.ኤ.አ. በ1880 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። በመጽሐፉ መሳላ ጓደኛውን ከከዳ በኋላ ከተወረሰው ሀብት ድርሻ አግኝቷል። ፊልሙ ገንዘቡን አስቀረው። ቪዳል ያየው ክፍተት እውነተኛ ነበር ማለት ነው። ግን ክፍተቱ ባዶ አልተተወም። መሳላ ይሁዳን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በሮም ላይ የሚያምፁትን ወገኖችህን ስም ስጠኝ። ይሁዳ በዚያው ቀን ነጭ ፈረስ ሰጥቶታል፤ ሰው ግን አልሰጠም። ከዚያ የጣራው ጡብ ተንሸራቶ ወድቆ አገረ ገዢው ሲጎዳ፣ መሳላ ጣራው ላይ ወጥቶ ጡቡን ይነካካል፤ አደጋ መሆኑን ያውቃል። እያወቀ ይሁዳን ወደ መርከብ ቀዛፊነት፣ እናቱንና እኅቱን ወደ ወኅኒ ይልካል። ምክንያቱንም በራሱ አፍ ይናገራል፦ የቀድሞ ወዳጁን ሳያመነታ የቀጣ ሰው ይፈራል።

እዚህ ላይ ነው ፊልሙ የሚያስፈራኝ። መሳላ ይሁዳን የወደደው በየትኛውም ዓይነት ፍቅር ይሁን፣ ያ ፍቅር ወንጀለኛ አላደረገውም። ወንጀለኛ ያደረገው የወደደውን ሰው የሥልጣን መሰላል ለማድረግ መቁረጡ ነው። «ከእኔ ጋር ካልሆንህ ጠላቴ ነህ» የሚል ወዳጅ በጓደኝነትም፣ በትዳርም፣ በአገልግሎትም መካከል አለ። ጥፋቱን ሁሉ በድብቅ ስሜት ላይ ካሳበብን፣ ይህን የሮም በሽታ ሳናየው እናልፋለን። የተጠረጠረው ፍቅር ጥፋተኛ ይሆንና ሥልጣን ነጻ ይወጣል።

ከዮናታን ጋር አስተያዩት። የንጉሥ ልጅ ነው፤ ዙፋኑ የእርሱ ነበር። በ1ኛ ሳሙኤል 18 ላይ ግን መጐናጸፊያውን፣ ሰይፉንና ቀስቱን አውልቆ ለእረኛው ልጅ ሰጠ፤ በኋላም ለዳዊት ብሎ የአባቱን ቁጣ ተጋፈጠ። ሁለቱ ሲለያዩ ተሳስመው አለቀሱ። መሳላ ስም ይጠይቃል፤ ዮናታን የራሱን ያስረክባል። ልዩነቱ ያለው እዚህ ነው፤ ማን ማንን ምን ያህል አቀፈ በሚለው አይደለም።

የፊልሙ መጨረሻም ይህንኑ ያጠናክራል። የሠረገላው ውድድር የፊልሙ ፍጻሜ የሚመስለን ብዙዎች ነን። መሳላ ግን ተረጋግጦ፣ ሊሞት ሲያጣጥር እንኳ የይሁዳን ክንድ ይዞ ጥላቻውን ያስተላልፍለታል፦ እናትህና እኅትህ ለምጻሞች ሸለቆ ናቸው፣ ውድድሩ አላለቀም። ይሁዳም ያንን ጥላቻ ተሸክሞ ይዞራል፤ ፊቱ መሳላን መምሰል ይጀምራል። ከዚህ የሚፈታው በጎልጎታ ተሰቅሎ ይቅር የሚለውን ድምፅ ሲሰማ ነው፤ ያ ድምፅ ሰይፉን ከእጁ እንደወሰደለት ለአስቴር ይነግራታል።

ወደ አዳራሻችን ልመለስ። የዚያን ምሽት የሳቅነው በፊልሙ አልነበረም፤ እርስ በርሳችን ነበር። በአገራችን ወንድም ወንድሙን አቅፎ መሄዱ፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳስሞ ሰላም መባባሉ ከአያቶቻችን የወረስነው ነው፤ አንድ ቀልድ በአንድ ሳምንት ሊነጥቀን አይገባም። ደግሞም በዚያ ሁሉ ሳቅ መካከል ያልሳቀ፣ ስለ ራሱ ስሜት ለማንም ያልነገረውን ጥያቄ ይዞ አንገቱን የደፋ ሰው አብሮን ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ያ ሰው የተማረው ነገር ቢኖር፣ እኛ ዘንድ መናገር እንደማይቻል ነው።

ስለዚህ ፊልሙን ደግማችሁ እዩት፤ የመሳላንም ዓይኖች ሳትሸሹ ተመልከቱ። ያ ዓይን ምን እንደሚመኝ ብትከራከሩ ይፈቀዳል። ከዚያ ግን እጁን ተከታተሉ፦ ጡቡ አደጋ መሆኑን ያወቀውን፣ አውቆም የፈረደውን እጅ። እኔ ደግሞ ለሁለቱ ጓደኛሞች የምከፍለው የይቅርታ ዕዳ አለብኝ።