ሚስማር ያልነካው

የአጎቴ ሞፈር እርሻ በማይኖርበት ወር ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ በሁለት ባላ ላይ ተጋድሞ ይከርማል። ቤቱ ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3000 ሜትር በሚጠጋው የወገራ ደጋ ላይ ነው፤ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ ከጀርባው የበሬና የበግ በረት፣ ከጎኑ ድንችና ጎመን ያለበት ጓሮ። ከጎንደር እየተመላለስኩ ለዓመታት ከዚያ ሞፈር ሥር ገብቼ ወጥቻለሁ። ግንባሬን ገጭቶኝም ያውቃል። ልብ ብዬ ያየሁት ግን ባለፈው መጋቢት ነው፤ አጎቴ አሮጌውን አውርዶ ደጃፉ ላይ አዲስ ሲጠርብ ደረስኩ።

እንጨቱን የመረጠው ገና በቁሙ ሳለ ነበር። ከቤቱ በታች ካሉት ባሕር ዛፎች አንዱ ሥሩ አካባቢ ጎበጥ ብሎ ከዚያ ወዲያ ቀጥ ያለ ነበር፤ ምሰሶ የሚፈልግ ሰው የሚንቀው ዓይነት። አጎቴ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንንም ሳያስነካ አቆየው። ያ ጉብጠት የሞፈሩ ጉልበት ይሆናል። ቀጥ ያለውን ጠርቦ ማጉበጥ ይቻላል፤ ግን መጥረቢያው የእንጨቱን ጅማት ይቆርጠውና ሞፈሩ ኃይል በሚያርፍበት ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ መጥረቢያው ያወረደው ቅርፊቱንና ትርፉን ብቻ ነው። ጣቴን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬድኩበት። ሦስት ሜትር ከሚሆነው ርዝመት ላይ ጅማቱን አቋርጦ የገባ አንድም ምት አላገኘሁም።

ከዚያ መሮውን አነሣ። በጉልበቱ በኩል እርፉ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ይበሳል። እርፍ ከላይ የሚጨበጠው፣ ከታች ማረሻውን የሚለብሰው እንጨት ነው። ቀዳዳውን ሲበሳ አልለካም፤ እየበሳ እርፉን ያስገባል፣ ያወጣል፣ የነካካበትን ቦታ በጥፍሩ ምልክት ያደርጋል፣ እዚያችን ብቻ ይፍቃል። አሥር ጊዜ ያህል እንዲህ አደረገ። በመጨረሻ እርፉ ገባ፤ ግን እንደ መሰለኝ ጥብቅ አላለም። ትንሽ ይነቃነቃል። ያልጨረሰ መስሎኝ ጠየቅሁት።

«አያ፣ አንድ ሚስማር ቢመቱበት አይጠነክርም?»

ቀና ብሎ አየኝ። የከተማ ሰው ሲናገር የሚያይበት አስተያየት አለው።

«ሚስማር ከመታሁበትማ ድንጋይ ያገኘው ጊዜ ምን ሊሆን ነው? ወይ ሞፈሩ ይሰበራል፣ ወይ የበሬው አንገት። ላላ ማለት አለበት፣ ልጄ።»

«የላላ ነገር እንዴት ያርሳል?»

«የላላ አላልኩህም። ላላ የሚል ነው ያልኩህ።»

ቀኑን ሙሉ ያየሁት ይህችን ልዩነት ለማሳካት ሲሠራ ነው። ከዕቃው ሁሉ ላይ አንድ ሚስማር የለም። ክፍተቱን ሽብልቅ ይሞላዋል፤ ሽብልቁን በድንጋይ መታ ሲያደርገው ማረሻው አንገቱን ይደፋል፣ ሲያላላው ቀና ይላል። ለመጀመሪያው እርሻ፣ መሬቱ በደረቀበትና በጠነከረበት ጊዜ፣ ማረሻው ከአራት ጣት በላይ እንዲጠልቅ አይፈለግም። ለመጨረሻው ወደ ስንዝር ይጠጋል። የፋብሪካ ማረሻ ላይ ይህን ለማስተካከል ቁልፍና ብሎን ያስፈልጋል። ለአጎቴ ያስፈለገው ከማሳው ላይ ያነሣው ጠጠር ነው።

እርፉ አዲስ አይደለም። ከአያቴ የቀረ የወይራ እንጨት ነው። ሞፈሩ ስንት ጊዜ ተለውጧል፣ ቀንበሩም፣ ድግሩም፤ እርፉ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጋገር ኖሯል። ገበሬ እርፍ የሚይዘው በአንድ እጅ ነው፤ ሌላኛው ጅራፍ ይይዛል። ስለዚህ ጫፉ የሟሟው በአንድ ወገን ብቻ ነው። መዳፌን ሳስቀምጥበት የእኔ አውራ ጣት ያልሠራው ጎድጓዳ ውስጥ ገባ። በሰም ያሹት ይመስል ያብለጨልጫል፤ ላብ እንጂ ሌላ ነገር ነክቶት አያውቅም።

ድግሮቹ ሁለት ናቸው፤ ከማረሻው ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ ሆነው አፈሩን የሚገፉት ጠፍጣፋ እንጨቶች። አጎቴ እያንዳንዱን ለብቻ ከጠረበ በኋላ ፊት ለፊት አጋጠማቸውና ወደ ፀሐይ አነሣቸው። በመካከላቸው ክር የምታህል ብርሃን አለፈች። ሳይናገር ተቀምጦ እንደገና መፋቅ ጀመረ። ድግር ካልተመጣጠነ ትልሙ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፤ ገበሬው ቀኑን ሙሉ እርፉን ወደ ሌላው ወገን ሲጫን ይውልና ማታ ወገቡን ይይዘዋል። ያቺን ብርሃን ያየ ዓይን ስለ ወገቡ እያሰበ ነበር ማለት ነው። ሁለቱን ድግሮችና ማረሻውን አንድ ላይ የሚያቅፈው ወገል የሚባለው የብረት ቀለበት ነው። የተቀረው ሁሉ የሚታሰረው በጠፍር ነው። ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያገናኘው ምራን ከጥሬ ቆዳ ተቆርጦ፣ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ እርጥብ ሳለ ይታሰራል፤ ሲደርቅ ራሱ ያጠብቀዋል፣ ቢሆንም በሬዎቹ ሲስቡት በመጠኑ ይሰጣል።

ማረሻውን አጎቴ አይሠራውም፤ ከገበያ ይገዛል። ያሁኑ ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ነው። የኋላ ክፍሉ ተጠቅልሎ እንደ ቱቦ ሆኗል፤ እርፉ እዚያ ውስጥ ይሰካል። እዚህም ሚስማር የለም፣ አያስፈልግምም፤ በሬዎቹ ወደ ፊት በሳቡ ቁጥር መሬቱ ብረቱን ወደ እንጨቱ ይገፋዋል። እያረሰ ይጠብቃል። ይህን ያሰበው ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም። በጎንደር አገር ግን ለዘመናት ብረት ሲቀጠቅጡ የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ወለቃ የነሱ ሰፈር ነበረች፤ ወንዶቹ ወናፍ እየነፉ በመስፍ ላይ ብረት ሲቀጠቅጡ ሴቶቹ ጀበናውንና ምጣዱን ይሠሩ ነበር። ብዙዎቹ በ1977 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ ወደ እስራኤል ሄዱ፤ በግንቦት 1983 ብቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጓጉዟል። ከመሄዳቸው በፊት፣ ቀን ማረሻውን ያሳለ ገበሬ ማታ ልጁን ከቀጥቃጭ ዓይን እንዲጠነቀቅ ይመክረው ነበር። እንጀራ የሚያበላውን ብረት ተቀብሎ የሠራውን እጅ ቡዳ ማለት ምን ዓይነት ምስጋና እንደሆነ እኔ አልገባኝም፤ በቤታችንም ይባል እንደነበር አልክድም።

ቀንበሩ ላይ ለመድረስ ቸኩያለሁ፤ እሱ ደግሞ ከሁሉ የሚለሰልሰው ነው። አጎቴ ለቀንበር ቀላል እንጨት ይመርጣል፣ ዋንዛ ካገኘ ደስ ይለዋል፤ ከባዱን በሬው አይወደውም ይላል። ከሻኛው ፊት የሚያርፍባቸው ሁለት ቦታዎች በሸካራ ድንጋይ፣ ከዚያ በለስላሳ ድንጋይ፣ በመጨረሻ በቅቤ ታሹ። ለራሱ ወንበር ያን ያህል አልደከመም። ማነቆዎቹ የሚገቡባቸውን ቀዳዳዎች ሲበሳ ጠርዛቸውን በመሮ ክብ አድርጎ አነሣው፤ ስለት ያለው ጠርዝ ቆዳ ይገጣጥባል። እንዲህ ያለውን ጠርዝ ያየሁት ከዚህ በፊት አንድ ቦታ ነው፤ ጎንደር ላይ፣ ከጥሩ አናጺ የተገዛ አልጋ ላይ፣ እዚያም ለሰው።

ከነቀንበሩ ይህ ሁሉ ዕቃ ከ17 እስከ 26 ኪሎ ግራም እንደሚመዝን የእርሻ መሣሪያ አጥኚዎች ጽፈዋል። አንድ ሰው ትከሻው ላይ ጥሎት ገደል ይወጣል ይወርዳል። የአሜሪካው ጂኦግራፈር ፍሬድሪክ ሲሙንስ ስለ በጌምድርና ሰሜን ሕዝብ ኑሮ ያሳተመው መጽሐፍ በ1960 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ያኔ የነበረው ማረሻ አሁን አጎቴ ደጃፍ ላይ ካለው አይለይም። የቋንቋ አጥኚዎች ደግሞ በአማርኛና በትግርኛ ካሉት የእርሻ ቃላት በርካታዎቹ ከኩሽ ቋንቋዎች የመጡ ናቸው ይላሉ። እርሻው ከፊደላችን ሳይቀድም አይቀርም።

በመካከሉ ማረሻውን ሊያሻሽሉት የሞከሩ ብዙ ናቸው። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጭላሎ አውራጃ የነበረው የልማት ድርጅት አፈር የሚገለብጥ የብረት ማረሻ ሞክሯል። የአብዛኛውን ደጋ ገበሬ ልብ አላገኘም። ከባድ ነው፣ በሬ ያደክማል፣ ሲሰበር ደግሞ ገበሬው ራሱ ሊጠግነው አይችልም። የኛ ማረሻ አፈር አይገለብጥም፤ እየሰነጠቀ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገፋል፤ በሁለት ትልም መካከል ያልታረሰ ጠባብ መሬት ይቀራል። ስለዚህ ገበሬው ከገመሳ በኋላ በአይማው አቋርጦ ያርሳል፣ በስለሳው ደግሞ እንደገና ያቋርጣል፤ ጤፍ ከሆነ ከዚያም በላይ ይደጋገማል። ብልህ የሆኑት አጥኚዎች ሌላ ማረሻ ከማምጣት ይልቅ ሁለት የአገር ማረሻ አጣመሩና ውኃ የሚያቁረውን ጥቁር አፈር የሚያጠነፍፍ መደብ መሥሪያ አደረጉት፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ በወጡት ሥራዎች መካከል እኔን ያስደሰተኝ ይሄ ነው። ዕቃውን ያከበረ ሰው ሥራ ነው።

ፍጹም ነው አልልም። በተዳፋት ላይ ማቋረጥ ማለት አንዱ ትልም ወደ ታች ይወርዳል ማለት ነው፤ የክረምቱ ጎርፍ ደግሞ ያንን መንገድ ያውቀዋል። ከአጎቴ ማሳ በታች ያለው ፈረፈር በየዓመቱ እየሰፋ ነው። ደግሞስ ማረሻው ምንም ያህል ቢያምር በሬ ለሌለው ሰው ምን ያደርግለታል? ጎረቤቱ አንድ በሬ ነው ያለው፤ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር በመቀናጆ ያርሳል። ዝናቡ የሁለቱንም ማሳ በአንድ ቀን ሲያረጥበው፣ አንዱ ይጠብቃል።

ቤት ውስጥ የአጎቴ ባለቤት እትዬ ጎታ እየሠራች ነበር። ጎተራ ደጅ ላይ ይቆማል፣ በእንጨትና በጭራሮ ተጠልፎ በእበት ይለቀለቃል፤ እሱ የወንድ ሥራ ነው። ጎታ የሴት ነው፣ ከቤት አይወጣም። ጭቃውን፣ ጭዱንና እበቱን በእግሯ ረግጣ አብኩታ፣ ክብ አድርጋ አንድ ክንድ ያህል ከፍታ አቆመችና ተወችው። እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ከዚያ ሌላ ክብ ይደረብበታል። ሁለተኛውን ትናንት ደርባዋለች። መጋጠሚያውን በእርጥብ እጇ ደጋግማ ስታሸው የትኛው አሮጌ፣ የትኛው አዲስ እንደሆነ ይጠፋል። ከታች በኩል እህሉ የሚወጣባት ጡጫ የማታስገባ ቀዳዳ ቀርታለች፤ በጨርቅ ትወተፋለች። ጠባብ የሆነችው ለምን እንደሆነ ስጠይቅ «ልጆች ናቸዋ» አለች፤ እጃቸው የማይገባበት ልክ ነው።

«ለምን በአንድ ጊዜ አትጨርሺውም፣ እትዬ?»

«ቶሎ ያቆሙት ጎታ ቶሎ ይቀመጣል» አለች ሳታየኝ። ክብደቱን ሳይችል ይረግባል ማለቷ ነው። በጣቷ አጥንት የትናንቱን ክብ ኳ ኳ አደረገችው፤ ድምፁን ሰማችና ራሷን ነቀነቀች። ገና ነበር። ሦስተኛውን ክብ ለማክሰኞ አቆየችው።

ቅዳሜና እሑድ በሬ ስለማይጠመድ አዲሱ ሞፈር የተሞከረው ሰኞ ጠዋት ነው። ብርዱ ገና ከሣሩ አልተነሣም። አጎቴ ቦራንና ዳልቻን ጠመዳቸውና ከማሳው ጥግ ጀመረ። እኔ ከኋላ እከተላለሁ፤ የማየው ነገር ትልሙ ቀጥ ማለቱን ነው። እሱ ግን ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ነው የሚሄደው። ግማሽ ማሳ ያህል ሄዶ በሬዎቹን አቆመ። ጥሩ ይመስለኝ ነበር፤ ዕቃው ምንም ድምፅ አላሰማም።

«ዝም ብሏል» አለ። ደስ አላለውም።

ጎንበስ ብሎ ጠጠር አነሣ። ሽብልቁን ከሥር ወደ ላይ አንዴ መታ አደረገው። እርፉን ጨብጦ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ወዘወዘው። እንደገና አንዴ መታ። ጅራፉን አነሣና በሬዎቹን ጠራቸው፤ አምስት እርምጃ ያህል እንደሄዱ ሞፈሩ ከእርፉ ጋር ሲነካካ፣ እንደ አዲስ ጫማ፣ ሲጥ አለ።

ወደ ኋላው ዞሮ አላየኝም። ጠጠሯን ኪሱ ውስጥ ከተተና ማሳው ጫፍ ድረስ ሄደ።