«ድረ ገጽ»፣ «ይጫኑ» እና «ጥገና»፦ በአንድ መመሪያ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍሎች የየራሳቸውን ድረ ገጽ እንዲያቋቁሙና እንዲይዙ ለማገዝ ተብሎ በአማርኛ የተዘጋጀ አንድ መመሪያ በቅርቡ እጃችን ገብቷል። አዘጋጆቹ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ እንዳለ ከማሰራጨት ይልቅ ነገሩን በአማርኛ ለማስረዳት መድከማቸው ምስጋና ይገባዋል፤ የዐረፍተ ነገሮቹም አሰካክ በአብዛኛው የተቃና ነው። ሆኖም ከስያሜ ምርጫ የተነሣ አንባቢውን የሚያደናግሩ ስፍራዎች አሉበት። መመሪያ ደግሞ እንደ ልብ ወለድ አይደለም፤ አንባቢው የተረዳውን ወዲያው በእጁ ይሠራበታል። ስለዚህ ጥቂቶቹን ቃላት ብቻ መርጠን እንመለከታለን።

በመጀመሪያ የሚነሣው ራሱ «ድረ ገጽ» የሚለው ስያሜ ነው። መመሪያው በመግቢያው «እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል አንድ ድረ ገጽ ያዘጋጃል» ይላል። ጥቂት ዝቅ ብሎ ደግሞ የመምህራኑ ዝርዝር በአንድ ድረ ገጽ፣ የኮርሶቹ መግለጫ በሌላ ድረ ገጽ እንዲቀመጥ ያዛል። በፊተኛው ቃሉ የገጾቹን ስብስብ በሙሉ፣ በኋለኛው ከስብስቡ አንዷን ያመለክታል። ይህ ባዶ የቃላት ክርክር አይደለም፤ እኛ የምናውቀው አንድ ትምህርት ክፍል ፊተኛውን ትእዛዝ ቃል በቃል ወስዶ፣ ስሙን፣ የስልክ ቁጥሩንና የሕንጻውን ፎቶግራፍ የያዘች አንዲት ገጽ ካወጣ በኋላ ሥራውን እንደ ፈጸመ ቆጥሮ ተቀምጧል።

የችግሩ ሥር በቃሉ አሠራር ላይ ነው። ቲም በርነርስ ሊ በ1989 (እ.ኤ.አ.) ሰርን በተባለው የጄኔቫ የምርምር ተቋም ሐሳቡን ካቀረበ በኋላ ለፈጠራው የተሰጠው ስም የሸረሪትን ድር የሚያስታውስ ነበር። አማርኛው «ድር»ን መምረጡ የተዋጣለት ነው፤ ቃሉ የሸረሪቱንም የሸማኔውንም ይይዛልና። (እርግጥ ነው፣ ሸማኔ ድር ያለ ማግ ጨርቅ አይሆንም ይለናል፤ ማጉን ግን ለሌላ ቀን እንተወው።) ችግሩ የመጣው ሁለቱ ቃላት በግእዝ ሥርዐት ሲናበቡ ነው። በግእዝ ባለቤቱ ይቀድማል፣ ዘርፉ ይከተላል፤ «ቤተ መጻሕፍት» የመጻሕፍት ቤት፣ «ርእሰ አንቀጽ» የአንቀጽ ርእስ ማለት ነው። በዚሁ ሚዛን «ድረ ገጽ» ማለት የገጽ ድር እንጂ የድር ገጽ አይደለም። የእንግሊዝኛው የቃላት ቅደም ተከተል የግእዝ ልብስ ለብሶ ቀርቧል፤ የድርን ገጽ ለማለት «ገጸ ድር» መባል ነበረበት፤ እንዲህ የሚጽፉም አልጠፉም።

ነገር ግን ስሕተቱ ራሱ መፍትሔውን ይዞ መጥቷል። የገጽ ድር፣ ማለትም እርስ በርሳቸው የተያያዙ ገጾች መረብ፣ ስብስቡን በሙሉ ለመሰየም ከማናቸውም የተሻለ ነው። ስለዚህ «ድረ ገጽ» ለስብስቡ ብቻ ይዋል፣ ነጠላዋም በቀላሉ «ገጽ» ትባል እንላለን። ለስብስቡ «መካነ ድር» የሚለውን የሚመርጡ አሉ፤ አሠራሩ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን «ድረ ገጽ» በሕዝብ አፍ ከገባ በኋላ እርሱን ማስወጣት የማይሆን ድካም ነው።

ሁለተኛው «ይጫኑ» ነው። መመሪያው በአንድ አንቀጽ ውስጥ «ቁልፉን ይጫኑ»፣ «ፎቶግራፉን ይጫኑ»፣ «ፕሮግራሙን ይጫኑ» ይላል። የመጀመሪያው በጣት መንካት፣ ሁለተኛው ፋይልን ወደ ሰርቨር ማድረስ፣ ሦስተኛው በኮምፒዩተር ላይ መትከል ነው። አማርኛ እዚህ ላይ ድሀ አይደለም፤ «ጫነ» እና «ተጫነ» ሁለት ግሶች ናቸው፤ ትእዛዛቸውም «ጫን» እና «ተጫን»፣ ለብዙም «ጫኑ» እና «ተጫኑ» ተብሎ ይለያል። በአክብሮት ሲነገር ግን ሁለቱም «ይጫኑ» ይሆናሉ። በንግግር «ጫ» ሲላላ የመጀመሪያውን፣ ሲጠብቅ ሁለተኛውን መስማት ይቻላል፤ ፊደላችን ግን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። እንግዲህ መምህሩን አንተ ብሎ ቢያዘው ኖሮ ግልጽ ይሆን የነበረው መመሪያ፣ እርስዎ በማለቱ ተድበስብሷል። አክብሮቱን መተው ስለማይገባ ግሱን መለወጥ ይሻላል። ለመንካት «ጠቅ ያድርጉ» ተለምዷል። ለመትከል «ተከላ» ከማሽን ሥራ የምናውቀው ቃል ነው። ለሦስተኛው «ይስቀሉ» እንመርጣለን፤ ተቃራኒው «ያውርዱ» ቀድሞ ገብቷልና፣ ሰንደቅ ዓላማም የሚሰቀልና የሚወርድ ስለሆነ ጥንዱ ለጆሮ እንግዳ አይሆንም።

«መነሻ ገጽ» መልካም ነው። «አገልጋይ» ግን ይቅር፤ «አገልጋዩ ካልተነሣ ለኀላፊው ያመልክቱ» የሚለውን ያነበበ ሰው ስለ ቅዳሴ የተጻፈ ሊመስለው ይችላል። «ሰርቨር» ሁሉም የሚያውቀው ሆኖ ሳለ ስለ ምን እንሸሸዋለን?

ከሁሉ የሚከብደን «ጥገና» ነው። መመሪያው ለድረ ገጹ ይዞታ የመደበው ምዕራፍ ርእሱ ይኸው ሲሆን፣ «ጥገና በሚያስፈልግ ጊዜ የቴክኒክ ክፍሉን ይጥሩ» በማለት ይጀምራል። በአማርኛ የሚጠገነው የተሰበረ ነው፤ አጥንትን ወጌሻ ይጠግናል፣ የፈረሰ አጥር ይጠገናል። ያልተሰበረ ነገር አይጠገንም። አንድ ድረ ገጽ ግን አንዳች ሳይሰበርበት ሊሞት ይችላል፤ ጡረታ የወጡት መምህር ዛሬም በዝርዝሩ አሉ፣ ያለፈው ዓመት የምዝገባ ቀን አሁንም ተለጥፏል፣ ማያያዣው ሲነካ የትም አያደርስም። ቴክኒሻኑ ሰርቨሩ ስለሚሠራ የሚጠገን ነገር የለም ይላል፤ ትምህርት ክፍሉም ጥገና የቴክኒሻን ሥራ ነው ይላል። ሁለቱም በቃሉ መሠረት ልክ ናቸው። ስለዚህ ምዕራፉ ለሁለት መከፈል አለበት፦ «ጥገና» ለብልሽት ይቅርና ለቴክኒክ ክፍሉ ይሰጥ፤ ይዘቱን ከጊዜው ጋር ማስተካከል «ማዘመን» ተብሎ፣ ከትምህርት ክፍሉ አንድ ሰው በስሙ ይመደብለትና በየወሰነ ትምህርቱ መጀመሪያ ይከናወን። ገጹ የሚጠራበት የአድራሻ ስም በየጊዜው ክፍያ የሚጠይቅ ሲሆን «እድሳት» ይባል፤ ንግድ ፈቃድ የሚያሳድስ ሁሉ ቃሉን ያውቀዋል።

በመጨረሻ ስለ ፊደል። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 (እ.ኤ.አ.) በዩኒኮድ 3.0 ከተካተተ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ከዚያ በፊት በነበሩ የፊደል ቅርጾች የተጻፉ ጽሑፎች ግን የላቲን ፊደላትን ቁጥር ተውሰው የተቀመጡ በመሆናቸው፣ ሳይለወጡ ቢሰቀሉ አንባቢው የሚያገኘው ትርጉም የለሽ ምልክት ነው። መመሪያው የቆዩ የመመረቂያ ጽሑፎች እንዲሰቀሉ ሲያዝ ይህን አልጠቀሰም።

ዩኒኮድም ቢሆን የሞክሼ ፊደላትን ጣጣ አያስቀርልንም። «ጸ» እና «ፀ» ለኮምፒዩተር ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ ልዩ ዝግጅት ካልተደረገ አንዱን የፈለገ ሌላውን አያገኝም። መመሪያው በሽፋኑ «ድረ ገጽ»፣ በውስጡ «ድረ ገፅ»፣ «ድረገጽ» እና «ድረ-ገፅ» ብሎ ጽፏል። የእኛንም ሙያ ስም በአንድ ስፍራ «ሥነ ልሳን»፣ በሌላው «ስነ ልሳን»፣ በሦስተኛው «ስነልሳን» አድርጎታል። ትምህርት ክፍላችንን የሚፈልግ ተማሪ ከሦስቱ በየትኛው እንደሚጽፍ አናውቅም፤ ለአዘጋጆቹ የላክነው የእርማት ዝርዝርም የሚጀምረው ከዚህ ነው።