ጭሱ ስንት ሰዓት ላይ ይመለሳል?

ምድጃዬ አጨሰብኝ ብሎ የሚጠራኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ምድጃው አይደለም። ጭሱ የሚብሰው ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ? ብዙዎቹ ጥያቄዬን አልፈው መፍትሔውን ራሳቸው ይነግሩኛል፦ «አርጅቷል፣ አፍርሰህ አዲስ ሥራልን።» ለማፍረስ አልቸኩልም። ሲሚንቶ ስላረጀ ብቻ አያጨስም።

ቆቦና አካባቢው ላይ በብዛት የምጠራው ለምርጥ ምድጃ ነው። ይህ ምድጃ በአውሮፓውያኑ 1990ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ ኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል ተነድፎ፣ ኋላም በጀርመን የልማት ትብብር ድጋፍ በየገጠሩ የተዳረሰ ነው። በሲሚንቶና በአሸዋ ወይም በፑሚስ ይሠራል፤ አራት ቁራጮች ገጥመው ምጣዱን ይሸከማሉ፣ ሁለቱ ከኋላ ሆነው ድስት ያስቀምጣሉ። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ ማገዶን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት መብራት ሲቋረጥ፣ ኤሌክትሪክ ምጣድ የለመደው ቤት ጓሮ የጣለውን ምድጃ መልሶ ገጠመ፤ ጠርዙ ተሸራርፏል፣ መጋጠሚያው ላልቷል።

ምድጃው መጀመሪያ ሲወጣ የጭስ ቱቦ አልነበረውም። ጭሱ በኋላ ባለው ቀዳዳ ወጥቶ፣ ድስቱን አሙቆ፣ እዚያው ማድቤት ውስጥ ይቀራል። ሰው በዚያ ቀዳዳ ላይ ቱቦ እየሰካ በጣሪያ ሲያወጣው ነው የእኔ ሥራ የበዛው።

ቱቦ የሚስበው ውስጡ ያለው አየር ከውጭው ሲሞቅ ነው፤ የሞቀ አየር ይቀላል፣ ይወጣል፣ ሌላውን ከኋላው ይጎትታል። ደጋ ላይ ውጭው ብርድ ስለሆነ ቱቦው ገና እሳት ሳይነድ መሳብ ይጀምራል። እኛ ራያ ቆላ ላይ ከሰዓት በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ የሆነ ማድቤት ውስጡ ቀዝቀዝ እንዳለ ይውላል፣ ውጭው ጠራራ ነው። ቱቦው ውስጥ የተኛው አየር ከውጭው ይከብዳልና ወደ ታች ይወርዳል። በዚህ ሰዓት እሳት የሚለኩስ ሰው ጭሱን ፊቱ ላይ ይቀበላል።

ከቆቦ ወደ ጎብዬ በሚወስደው መንገድ አንድ ቤት የገጠመኝ ይኸው ነበር። እናትየዋ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ልጄ፣ ጠዋት ደኅና ነው፣ አሥር ሰዓት ሲል ያስለቅሰኛል» አሉኝ። ቱቦው ሁለት ጊዜ ተቀጥሎ ረዝሟል። እጄን ወደ ኋላ ቀዳዳው ሳስጠጋ ትንፋሹ ወደ እኔ ይመጣል። «እትዬ፣ እስቲ አንድ ጭብጥ የጤፍ ጭድ ያምጡልኝ» አልኳቸው። ድስቱን አንስቼ ጭዱን ከቱቦው ሥር ለኮስኩት። መጀመሪያ ጭሱ ወደ ቤት ተመለሰ፤ ከዚያ ነበልባሉ ወደ ላይ ተሳበና ቱቦው ሁምም ማለት ጀመረ። ያኔ ድስቱን መልሰን በፊት አፉ አገዳውን ለኮስን። ቆርቆሮ ሠሪዎች አይቆጡኝና፣ ቱቦ መቀጠል ለሁሉም በሽታ የሚታዘዝ መድኃኒት ሆኗል። ስስ ቆርቆሮ በረዘመ ቁጥር ጭሱ መንገድ ላይ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ ጭስ ደግሞ ጉልበት የለውም፣ ጥላሸቱንም እዚያው ያራግፋል።

ጠዋትም ማታም የሚያጨስ ከሆነ ግን ጥፋቱ ከውስጥ ነው። እዚህ አብዛኛው ማገዶ የማሽላ አገዳ ነው፤ ቦግ ብሎ ያልቃል። ጋጋሪዋም ቶሎ ቶሎ መመገብ ሲሰለቻት አፉን ጥቅጥቅ አድርጋ ትሞላዋለች። ያ አፍ የማገዶ በር ብቻ ሳይሆን የአየርም በር ነው። እኩሌታው ባዶ ካልሆነ እሳቱ ይታፈናል፣ የታፈነ እሳት ጭስ ነው። አመዱም አለ፤ በተለይ ኩበት ሲቀላቀልበት አመዱ ተቆልሎ የኋላውን ቀዳዳ ይዘጋዋል። ክረምት ላይ ውጭ ያደረ አገዳ ደግሞ ውሃውን እንደ ሰፍነግ ይይዛል። ደረቅ መስሎ የሚያጨሰው እሱ ነው።

የምጣዱን ዙሪያ ለመፈተሽ የሚጨስ ኩበት ይዤ በጠርዙ ዙሪያ ቀስ እያልኩ አዞራለሁ። የኩበቱ ጭስ ወደ ውስጥ ከተመጠጠ እዚያ ጋ ክፍተት አለ። በእሱ በኩል የሚገባው ቀዝቃዛ አየር የእሳቱን ሙቀት ይሰርቃል፣ ቱቦውንም ያደክመዋል፤ እንጀራውም በዚያ በኩል ዓይን አያወጣም። በአመድና በጭቃ መምረግ በቂ ነው።

የሚያጨሰው ነፋስ ሲነሳ ብቻ ከሆነ ወደ ጣሪያ እወጣለሁ። የቱቦው ጫፍ በሦስት ሜትር ዙሪያው ካለው ነገር ሁሉ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር መብለጥ አለበት። ቆቦ ከተማ ውስጥ ለዓመታት ደኅና የሠራ ምድጃ ድንገት የሚያጨሰው ብዙ ጊዜ ጎረቤት ፎቅ ስለጀመረ ነው። አቧራ ሸሽቶ በሩን ጥርቅም አድርጎ የሚጋግርም አለ፤ አየር ካልገባ ምን ሊወጣ? ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለው በር ወይም መስኮት ይከፈት። በተቃራኒው በኩል ያለው ብቻ ከተከፈተ ጭሱን ከምድጃው አፍ እየጎተተ ያወጣዋል። ሕፃን አዝላ ለምትጋግር ሴት ይህ ጭስ ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓውያኑ 2020 በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል፤ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት ናቸው።

ማፍረስ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። አንድ ቁራጭ ከተሰነጠቀ ያንን ብቻ ሠርቼ እተካለሁ፤ አራቱም ከተሰነጣጠቁ አዲስ ይሠራል። ያኔ ጭቅጭቁ ሌላ ነው። ሲሚንቶው ውሃ እየጠጣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ጥላ ሥር መቆየት አለበት፣ በዚህ ሙቀት ደግሞ ጠዋትና ማታ ካልረጠበ አይጠነክርም። ባለቤቶቹ ግን በሦስተኛው ቀን ሊጥ አቡክተው ይጠብቁኛል።