በሽፋኑ ላይ ስሙ ያልታተመው ጊታር መቺ

በዓለም ላይ ጊታርን አስበልጦ የተጫወተው ማን ነው የሚለው ክርክር ዕድሜ ጠገብ ነው። የአሜሪካው «ሮሊንግ ስቶን» መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2003 የመቶ ታላላቅ ጊታሪስቶችን ዝርዝር ሲያወጣ፣ ከሃያ ዓመት በኋላም ቁጥሩን ወደ 250 አሳድጎ ሲመለስበት፣ የአንደኝነቱን ወንበር ሁለቱንም ጊዜ የሰጠው በ27 ዓመቱ ለተቀጨው ለጂሚ ሄንድሪክስ ነበር። በዚህ ላይ ብዙ ሙግት አይነሣም፤ ሄንድሪክስ የድምፅ ማጉያውን ጩኸት ራሱን ዜማ አድርጎታልና። በ2003ቱ ዝርዝር ማሊያዊው አሊ ፋርካ ቱሬም ስፍራ አግኝቷል። ከማሊ ወደ ምሥራቅ፣ ከናይል እስከ ቀይ ባሕር ያለው ምድር ግን ጊታር ያልተሰማበት ይመስል ተዘልሏል።

ከገዳሪፍ እስከ ጋላባት ባለው መንገድ ለሚኖር አማርኛ አንባቢ ይህ ዝለት እንግዳ ነው። ጆሮው ከሁለት ወገን ሲጠግብ የኖረ ነው። ከወዲያ የመሐሙድ አሕመድ ካሴት፣ ከወዲህ የመሐመድ ዋርዲ፤ ሁለቱም በአምስት ድምፅ ቅኝት ላይ የቆሙ በመሆናቸው ቃሉ ባይገባ እንኳ ዜማው ባዕድ አይሆንም። ስለዚህ የጊታር ክርክር እዚህ ሲነሣ ጥያቄው ማን ፈጥኖ መታ፣ ማን ጎልቶ ጮኸ ከማለት ያልፋል። አሥራ ሁለት እኩል እርከኖች ያሉትን መሣሪያ ክራርና ታምቡር በሚናገሩት ቋንቋ ያናገረው ማን ነው? መለኪያው ይህ ሊሆን ይገባል።

በሱዳን በኩል ቀድሞ የሚጠራው የ1935 ተወላጁ የኦምዱርማን ሰው ሸርሐቢል አሕመድ ነው። ዑድና ቫዮሊን በነገሡበት ዘመን የኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ በመነሣቱ የሱዳን ጃዝ ንጉሥ ተብሏል፤ ይኸው ሰው ለልጆች መጽሔት «ዐም ታንጎ» የተባለውን ገጸ ባሕርይ የሣለ ሠዓሊም ነው። ባለቤቱ ዘኪያ አቡልጋሲም አቡ በክር በእርሱ ባንድ ውስጥ ጊታር በመምታት በሱዳን ሴቶች ቀዳሚዋ ናት። ይህንን ሐቅ ለማንሣት የሚፈልግ ተከራካሪ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ሸርሐቢል ግን፣ ደስ የሚል ዳንስ ቢሰጠንም፣ ከሮክ ኤንድ ሮል የተዋሰው ልብስ ከነስፌቱ ይታያል።

ከዚህ ይልቅ የሚደንቀው የፖርት ሱዳኑ ኑሪ ነው። የጊታር አንገት ከታምቡር ጋር አጋጥሞ የራሱን መሣሪያ ሠራ፤ በ2022 «በጃ ፓወር» በተሰኘው አልበም ዓለም ሰማው። ሙዚቃው አንዷን ሐረግ ይዞ ይመላለሳል፣ ሳክስፎኑም ይከተላታል። ለችኩል ጆሮ ድግግሞሽ ብቻ ነው። ጊታር የፈረንጅ ነውና የእኛን ስሜት አይገልጽም ለሚሉት ግን ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

ይሁንና የበላይነቱ ጥያቄ በአንድ ስም ይዘጋ ከተባለ፣ ስሙ ሰላም ስዩም ወልደማርያም ነው። የአይቤክስ፣ ኋላም የሮሃ ባንድ ጊታሪስት «ሰላሚኖ»። መሐሙድ አሕመድ በ1975 «ኧረ መላ መላ»ን ሲቀርጽ ያጀበው አይቤክስ ነበር፤ ሥራው በ1986 በቤልጂየሙ ክራምድ ዲስክስ ታትሞ አውሮፓን አስደምሟል። እዚያ ጊታሩ አይሸልልም። የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ መንገዱን ሲጠርግ፣ ሰላም አጫጭር ምቶችን በድምፃዊው ትንፋሽ መካከል ያስቀምጣል፤ የክራር መቺ ግራ እጅ የማይፈለገውን ክር አፍኖ የሚፈለገውን ብቻ እንደሚለቀው ማለት ነው። የሚያፍነውን ማወቅ ከሚለቀው ይልቅ ይከብዳል። የዋልያስ ባንዱ ማሕሙድ አማንም ሆነ ተክሌ «ሁከት» አድሃኖም ደጋፊ አላቸው፤ ሁለተኛው በቅጽል ስሙ እንደተመሰከረለት እሳት ያለው ነው። ሆኖም ሮሃ በ1980ዎቹ ለጥላሁን ገሠሠ፣ ለአስቴር አወቀ፣ ለነዋይ ደበበና ለሌሎችም ሲያጅብ፣ ለእያንዳንዱ ድምፅ የሚስማማ ጊታር ማግኘት የነበረበት ሰላም ነው። ደግሞም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያጠናውና የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሙዚቃ አመጣጥ የጻፈው እርሱ ራሱ መሆኑ አይዘነጋም፤ የሚመታውን ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው ነበር።

ተቃዋሚዎች አጃቢ እንዴት ታላቅ ይባላል ይላሉ። ይህ ሙግት ከሙዚቃው የመነጨ አይደለም፤ ከካሴቱ ሽፋን የመጣ ነው። ከስደተኛው ጋር መተማን ተሻግረው ገዳሪፍ የደረሱት ካሴቶች የድምፃዊውን ፎቶና ስም በትልቁ ይዘዋል፤ ባንዱ ሲጠቀስ በአንድ ቃል ነው፣ የጊታሪስቱ ስም ግን ብዙውን ጊዜ የለም። አድማጩ ሺህ ጊዜ የሰማውን እጅ በስም አያውቀውም። ችግሩ በሱዳንም አንድ ነው፤ ጦርነቱ በሚያዝያ 2023 ከፈነዳ ወዲህ ደግሞ ብሷል። የኦምዱርማኑ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ሕንፃ ሠራዊቱ በመጋቢት 2024 መልሶ እስኪይዘው የውጊያ ሜዳ ሆኖ ከርሟል። በሽፋን ላይ ያልታተመ ስም ቴፑ ሲጠፋ የሚፈለግበት ሌላ ቦታ የለውም፤ የቀረው በሙዚቀኞቹና በአዛውንት አድማጮች ጭንቅላት ውስጥ ያለው ነው፤ እነዚህም ዛሬ ከካርቱም እስከ ካይሮና ዋሽንግተን ተበትነዋል።