በኬክ ዙሪያ የሚገጥም ጥለት

ለመልስ የተሠራ ባለ አንድ ደርብ ኬክ ነው። የቅቤ ክሬሙ ያልነጣ ጥጥ ይመስላል። ወገቡን 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ነጭ የፎንዳንት መቀነት ከቦታል። በመቀነቱ ላይ የሀበሻ ቀሚስ ጥለት ተደርድሯል፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ።

የሸማ ጥለት ጫፍ አለው። ሸማኔው ጀምሮ ይጨርሳል፤ ጨርቁ ይቆረጣል፣ ይታጠፋል፣ ይሰፋል። ኬክ ግን ክብ ነው። የጥለቱ መጨረሻ ዞሮ ከመጀመሪያው ጋር መግጠም አለበት፤ ጎዶሎ ቅርጽ የሚደበቅበት እጥፋት የለም።

ስፖንጁ 20 ሴንቲ ሜትር ወርድ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው። ክሬሙ ከገበታ ቅቤና በክብደት የቅቤው እጥፍ ከሆነ የዱቄት ስኳር ተመትቶ የተዘጋጀ ነው። ሁለት ጊዜ ይቀባል። የመጀመሪያው ስስ ነው፤ ፍርፋሪውን ይይዛል። ኬኩ ፍሪጅ ገብቶ ሲጠነክር ሁለተኛው ይደረባል። ባለሙያዋ በግራ እጇ የኬክ ማዞሪያውን ታዞራለች። በቀኟ የያዘችው ቀጥ ያለ የብረት መላጊያ ከቦታው አይነቃነቅም። የተረፈው ክሬም ተልጎ ሲነሣ በስፖንጁ ዙሪያ 4 ሚሊ ሜትር ይቀራል።

ይህ ውፍረት ታስቦበታል። ከሁለቱም ጎን ሲደመር የኬኩን ወርድ 20.8 ሴንቲ ሜትር ያደርሰዋል። የሚጠመጠመው መቀነት 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ፎንዳንት ሲጠመጠም የውስጥ ፊቱ ይጨመቃል፣ የውጭ ፊቱ ይለጠጣል፤ ርዝመቱ የማይለወጠው የውፍረቱ እኩሌታ ላይ ነው። በዚያ መስመር ሲለካ ወርዱ 21፣ ዙሪያው 66 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። የጥለቱ አንድ ቅርጽ ከነክፍተቱ 3 ሴንቲ ሜትር ይይዛል። 66 ለ3 ሲካፈል 22 ነው፤ ትርፍም ጉድለትም የለውም። ክሬሙ አንድ ሚሊ ሜትር ቢወፍር ዙሪያው ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ መቀነቱም ያጥራል። ጥለቱ የሚጀምረው ክሬሙ ሲላግ ነው።

ፎንዳንቱ ከዱቄት ስኳር፣ ከጄላቲን፣ ከግሉኮስ ሽሮፕና ከግሊሰሪን የተለወሰ ነው። ቀለሙ ወፍራም ጄል ነው፤ ውሃማ ቀለም ሊጡን ያላላዋል። ቀዩ ከዋዜማው ይለወሳል፤ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ሲያድር ይደምቃል። ጥር የሰርግ ወር ነው፤ የአዲስ አበባ አየርም በጥር ደረቅ ነው። ሳይሸፈን የቆየ ፎንዳንት ፊቱ ደርቆ ሲታጠፍ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ለአንድ ጊዜ የሚበቃትን ብቻ ቆርሳ የቀረውን መልሳ ትጠቀልለዋለች።

አሁን አንዱን ቅርጽ ቀረብ ብለን እንየው። ጎኑ ደረጃ ደረጃ ነው። በሽመና ሰያፍ መስመር የሚወጣው ድር እየተቆጠረ ስለሆነ ጠርዙ እንዲህ ይሠራል። በቢላዋ ቀጥ ያለ ሰያፍ መቁረጥ ይቀል ነበር። እሷ ግን 1 ሚሊ ሜትር ሆኖ ከተዳመጠ ፎንዳንት ላይ ጎናቸው 5 ሚሊ ሜትር የሆኑ ካሬዎች ቆርጣ በረድፍ ትደረድራለች፦ አንድ፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሦስት፣ አንድ። መሃሉ ቢጫ ነው፤ ቀጥሎ አራት አረንጓዴ፣ በዳር ስምንት ቀይ። በአንዱ ቅርጽ 13 ካሬ፣ በ22ቱ 286 ካሬ አለ። ስትቆርጥ ቢላዋውን አትጎትትም፤ ከተጎተተ ሊጡን ይዞ ይሄዳል፣ ካሬው ይንጋደዳል። ከላይ ወደ ታች ተጭና ታነሣዋለች። የእያንዳንዱን ካሬ ጀርባ በእርጥብ ብሩሽ ነካ አድርጋ ታስቀምጠዋለች። ውሃው ከበዛ ቀዩ ወደ ነጩ ይፈስሳል።

መቀነቱ ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ያልቃል። ቅርጹን እስኪይዝ ትንሽ ይቆያል፤ አብዝቶ ከቆየ ግን አይታጠፍም። ከዚያ ስስ ወረቀት አልብሳ፣ ፊቱን ወደ ውስጥ አድርጋ ትጠቀልለዋለች። ኬኩ ከፍሪጅ ሲወጣ ክሬሙ ጠንካራ ነው፤ ጣት አይሰረጉደውም። ሆኖም ቀዝቃዛ ክሬም ጤዛ ያወጣል፣ ጤዛም ቀለም ያስለቅቃል። ፊቱ እስኪደርቅ ትጠብቃለች። ከዚያ ኬኩን እያዞረች፣ የመቀነቱን ጀርባ ከክሬሙ እያስጠጋች ጥቅሉን ትፈታዋለች።

መጋጠሚያው ከኋላ ነው። ሁለቱ ጫፎች የተቆረጡት በሁለት ቅርጾች መካከል ባለው ነጭ ክፍተት እኩሌታ ላይ ነው፤ በዚህ በኩል 2.5 ሚሊ ሜትር፣ በዚያ በኩል 2.5 ሚሊ ሜትር። ሲገናኙ ከቀሩት 21 ክፍተቶች ጋር እኩል 5 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። ሙያዋን መመዘን የሚፈልግ ሰው ኬኩን አዙሮ ይህን ክፍተት ይፈልግ፤ ለይቶ ካላገኘው ልኩ ገጥሟል።

ያው ልክ ሲቆረስም ያገለግላል። ቢላዋው በየነጩ ክፍተት ከገባ ኬኩ ለ22 ሰው እኩል ይዳረሳል፤ ለሁሉም አንዳንድ ሙሉ ጥለት ይደርሳቸዋል።