ሁለት ዓመት አይበቃም

ስለ ክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና አንድ ሥራ ብቻ ምረጥ ብባል የስዊድኑን ኤስ ኦ ኤስ ጥናት አነሣለሁ። ፕሮፌሰር ላርስ ሾስትሮም የመሩት ይህ ጥናት ተሳታፊዎችን መመዝገብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። 2,010 ሰዎች ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው፤ በ18 መለኪያዎች የሚቀራረቧቸው 2,037 ሰዎች ደግሞ የተለመደውን ሕክምና ብቻ እያገኙ ክትትል ተደረገላቸው። ውጤቱ ባለፉት ዓመታት በተለያዩ የሕክምና መጽሔቶች በየተራ ወጥቷል።

የሥራው ትልቁ ብርታት ትዕግሥቱ ነው። የክብደቱን ግራፍ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ባይፓስ የተሠራላቸው ሰዎች፣ ማለትም ከጨጓራቸው ትንሽ ኪስ ተለይቶ ምግቡ የአንጀታቸውን መጀመሪያ ዘሎ እንዲያልፍ የተደረገላቸው፣ በመጀመሪያው ዓመት የክብደታቸውን ሲሶ ያህል ቀነሱ። ከዚያ በኋላ መስመሩ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይመለሳል፤ በአሥረኛው ዓመት ቅነሳው 25 በመቶ ሆኗል። ጨጓራቸው በቀለበት ብቻ የታሰረላቸው ደግሞ 14 በመቶ ላይ ናቸው። ቀዶ ጥገና ያልተደረገላቸው ከመነሻ ክብደታቸው ብዙም ፈቀቅ አላሉም። ሰው ተቀዶ ኪሎው ሲመለስበት «ሆዱን መግዛት አቃተው» ብለው የሚፈርዱ ሁሉ ይህን መስመር ቢያዩት እወድ ነበር። ክብደት ሲወርድ ሰውነት የሚያቃጥለውን ጉልበት ይቆጥባል፤ በጥናቱ ውስጥ በብዙ መቶዎች ላይ በአንድ አቅጣጫ የታየን ነገር የአንድ ሰው የጠባይ ድክመት ማለት ግፍ ነው።

የስኳር በሽታውም ነገር ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ቀድሞ ስኳር ከነበረባቸው ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ሰዎች መካከል በሁለተኛው ዓመት 72 በመቶዎቹ ከበሽታው ነጻ ነበሩ፤ በአሥረኛው ዓመት 36 በመቶ። ቀዶ ጥገና ባልተደረገላቸው ዘንድ ግን በአሥረኛው ዓመት 13 በመቶ ብቻ ነበር። ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ሆኖም የሁለት ዓመቱን ቁጥር ብቻ ይዞ «ስኳር ይድናል» ብሎ ማስተዋወቅ ሕመምተኛን ማታለል ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው በ2012 የወጣው ክፍል ነው። ስኳር ባልነበረባቸው ሰዎች ላይ ቀዶ ጥገናው በበሽታው የመያዝን አደጋ ከአምስት አራት እጅ ያህል ቀንሶታል። ይበልጥ የተጠቀሙትም ከሁሉ የወፈሩት አልነበሩም፤ ሳይበሉ የተለካ የደማቸው ስኳር ቀድሞውኑ ከፍ ያለባቸው ነበሩ። እንግዲህ ማን ቀዶ ጥገና ይገባዋል የሚለውን በዋነኛነት በቁመትና በክብደት ስሌት የሚወስን አሠራር ሁሉ እንደገና ሊታሰብበት ይገባል።

ጉድለቶቹም ቀላል አይደሉም። ተሳታፊዎቹ በዕጣ አልተመደቡም፤ በዚያ ዘመን የቀዶ ጥገናው ሞት ስለሚያሰጋ የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች አልፈቀዱም። ስለዚህ ቢላውን የመረጡት ካልመረጡት በሌላም ነገር ሳይለዩ አይቀሩም። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ አብዛኞቹ የተሠራላቸው ጨጓራን በስፌትና በቀለበት የሚያጠብ፣ ዛሬ የተተወ ዓይነት መሆኑ ነው። አሁን በብዛት የሚሠራው፣ ጨጓራን በቁመቱ ቆርጦ የሚያወጣው ቀዶ ጥገና በጥናቱ ውስጥ የለም።

ከባይፓስ በኋላ የደም ስኳር ኪሎው ገና ሳይወርድ በቀናት ውስጥ ለምን ይቀንሳል? ከፊሉ በእነዚያ ቀናት ሰውየው የሚበላው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ነው፤ ከፊሉ ደግሞ ምግብ ፈጥኖ ወደ ታችኛው አንጀት ሲደርስ ኢንሱሊንን የሚያነቃቃው ጂ ኤል ፒ 1 የተባለ ሆርሞን በብዛት ስለሚመነጭ ነው። ኤስ ኦ ኤስ የተሠራው ክብደትን፣ በሽታንና ሞትን ለመቁጠር በመሆኑ ይህን ለመረዳት ሌሎች ጥናቶችን ማንበብ ግድ ይላል።

በ2020 የወጣው ውጤት የተቀዱት ካልተቀዱት በአማካይ ሦስት ዓመት ያህል ረዝሞ የመኖር ዕድል እንዳላቸው፣ ከጠቅላላው ሕዝብ ግን አሁንም በአምስት ዓመት ተኩል እንደሚያንሱ ያሳያል። ይህን ቀዶ ጥገና የምታስቡ ሁሉ ሐኪማችሁን የአሥር ዓመቱን ውጤት ጠይቁ። ብረታችሁን፣ ቫይታሚን ቢ 12ታችሁንና ካልሲየማችሁን ዕድሜ ልክ ማን እንደሚከታተልላችሁ ሳታውቁም አትፈርሙ።