ቦርኮቶ በቡፌ ውስጥ

አዲስ ቤት የገባን ሰው ልንጠይቅ ስንሄድ ደጃፉ ላይ ቆመን «ቤት ለእንቦሳ!» እንላለን። ባለቤቱም «እንቦሳ እሰሩ!» ብሎ ይመልሳል። ምርቃቱ ቤትና ከብት ተለያይተው ከማያውቁበት ዘመን የመጣ ነው፤ ለጥጃ የሚተርፍ ሥፍራ ያለው ቤት ጥሩ ቤት ነበር። ዛሬ ይህንኑ ቃል የምንለዋወጠው የኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ደረጃ ስንወጣ የቆረጠውን ትንፋሻችንን እየሰበሰብን ነው። ወደ ውስጥ ስንዘልቅ ግን እንቦሳው ይቅርና እንግዳውም በሶፋውና በጠረጴዛው መካከል በጎኑ እየሾለከ ነው የሚያልፈው። ሦስት ሰው ከተቀመጠ አራተኛው በር ላይ ይቆማል። ፊት ለፊት ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የያዘ ቡፌ አለ። በቡፌው መስታወት ውስጥ፣ ማንም ጠጥቶባቸው በማያውቅ ብርጭቆዎች መካከል፣ ከደቡብ ኦሞ የመጣ ትንሽ የእንጨት ቅርጽ ተቀምጧል። ባለቤቶቹ «ባህላዊ ነው» ይላሉ። እንግዳውም አንገቱን ነቅንቆ ያደንቃል።

ያ ዕቃ ቦርኮቶ ይባላል። መቀመጫ ነው።

ትንሽ ቤትን አምሮም ተመችቶም እንዲገኝ አድርጎ መያዝ ከባድ ጥያቄ መሆኑን ማንም አይክድም። ይሁን እንጂ የከተማ ሰው ጥያቄውን የሚፈታበትን መንገድ ለመመርመር ከዚህ ዕቃ የተሻለ ምስክር ያለ አይመስለኝም። መቀመጫ አጥቶ እንግዳ በሚቆምበት ቤት ውስጥ፣ መቀመጫ በመስታወት ተቆልፎበት ለዓይን ብቻ ሲቀርብ አንድ የተዛባ ነገር እንዳለ ለማወቅ የሥነ ውበት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ሰኞ በቱርሚ፣ ሐሙስ በቀይ አፈር፣ ማክሰኞና ቅዳሜ በዲመካ ገበያ የቆመ ሰው፣ የሐመርና የበና ወንዶች ቦርኮቶአቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ሲዞሩ ያያል። ዕቃው ከአንድ እንጨት ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው፤ ሚስማር የለው፣ ሙጫ የለው። ከላይ ጎድጎድ ያለ ጠባብ መቀመጫ፣ ከታች አጭር እግር፣ ከጎኑም የቆዳ ማንጠልጠያ አለው። ከብት ጠባቂው ዛፍ ጥላ ሥር ሲደርስ ይቀመጥበታል። ጋደም ሲል ትራስ ይሆነዋል። ጸጉሩን በሸክላ አፈር ያስዋበ ወንድ ደግሞ ሲተኛ ጌጡ መሬት ነክቶ እንዳይፈርስበት አንገቱን ያሳርፍበታል። ሲነሣ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህም በቤቱ ውስጥ ቋሚ ሥፍራ አይጠይቅም፤ ባለቤቱ ሲወጣ አብሮ ይወጣል፣ ሲገባ አብሮ ይገባል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ግን አስቀያሚ አይደለም። ጠራቢው በጎኑ መስመር ይስልበታል፣ እግሩን ቀጠን አድርጎ ወገብ ያወጣለታል፤ የእጅ ላብና የቅባት ብዛት እንጨቱን ያጠቁረውና ያወዘዋል። ወገቡ የቀጠነው ሸክሙን ለማቅለል ይሁን ለማማር ብለው ቢጠይቁ አንዱን ከሌላው የሚለዩበት መሥመር አያገኙም። እኔን የሚገርመኝ ይኸው ነው። እኛ «ውበት» እና «ጥቅም» ብለን በሁለት ስም የምንጠራቸውን ነገሮች ጠራቢው በአንድ መጥረቢያ ነው የሚያወጣቸው።

እንግዲህ ወደ ፎቁ እንመለስ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ሲነሣ ስቱዲዮው ከ20 ካሬ ሜትር በታች፣ ባለ አንድ መኝታው ከ20 እስከ 30፣ ባለ ሁለት መኝታው ከ30 እስከ 45 ካሬ ሜትር እንዲሆን ነበር የታሰበው። ቤቱ ለዕድለኛው ሲሰጠው ብዙ ሥራ ይቀረዋል፤ ስለዚህ እድሳቱ የሚጀመረው ገና ሳይኖሩበት ነው። ጂፕሰም፣ ሴራሚክ፣ የኩሽና ካቢኔት፣ መጋረጃ። የመጨረሻው ብር ካለቀ በኋላም ቡፌ።

እስቲ በቀላል ሒሳብ እንየው። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ ግማሽ ሜትር የሆነ ቡፌ 1 ካሬ ሜትር ወለል ይወስዳል። በሮቹ የሚከፈቱበትንና ሰው የሚቆምበትን ስንጨምር 2 ካሬ ሜትር ሆነ። ከ25 ካሬ ሜትር ቤት ሁለቱ ለብርጭቆ ማረፊያ ተሰጡ ማለት ነው። በዚያ ሥፍራ አንድ ልጅ የቤት ሥራውን የሚሠራበት ጠረጴዛ ይገባ ነበር። ልጁ አልጋ ላይ በሆዱ ተኝቶ ይጽፋል።

ቡፌ ላይ የሚሳለቁትን ዘመናውያን ግን ሙሉ በሙሉ አልከተላቸውም። ቡፌ የኋላ ቀር ጣዕም ምልክት ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እነርሱ የሚመክሩት ነጭ ግድግዳ፣ ባዶ ወለል፣ ጥግ ላይ አንዲት ተክል ነው። ያምራል። ነገር ግን ምጣዱ የት ሊገባ ነው? ሰፌዱስ፣ ሙቀጫውስ፣ የጤፉ ጆንያስ፣ ለበዓል ብቻ የሚወጣው ትልቅ ድስትስ? ባዶ ቤት የሚያምረው ዕቃው ሌላ ቦታ ማስቀመጫ ላለው ሰው ነው። ቡፌው ቢያንስ አንድ ሐቀኛ ነገር ይናገራል፤ «አንድ ቀን ብዙ እንግዳ ይመጣብኛል፣ ያን ቀን አላፍርም» ይላል። ነጩ ግድግዳ ግን የሚናገረው መጽሔት ላይ የታየ የሌላ አገር ሳሎንን ነው።

ከዚህ የባሰው ክፍት ማድቤት ነው። ሳሎኑ ሰፊ መስሎ እንዲታይ ግድግዳው ይነሣና ማድቤቱ ከሳሎኑ ጋር ይቀላቀላል። ሰላጣና ሳንድዊች ለሚበላ ሕዝብ ጥሩ ዘዴ ሊሆን ይችላል። ቁሌት በሚቁላላበት ቤት ግን የሽንኩርቱና የበርበሬው ሽታ መጋረጃው ላይ፣ ሶፋው ላይ፣ የልጆቹ ዩኒፎርም ላይ ያድራል። ባለቤቲቱ በሦስተኛው ወር ከሰል ምድጃዋን ይዛ ወደ ሰገነቱ ትወጣለች፤ ብዙ የደከመበት አዲሱ ማድቤት የሻይ ማፍያ ሆኖ ይቀራል። ጂፕሰሙንም ተመልከቱት፤ ድሮውንም ዝቅ ያለውን ጣሪያ ይበልጥ ዝቅ አድርጎ አምፖል ይደረድርበታል። ቤቱ ያበራል፣ ይጠባል።

የውጭ አገር ምሳሌ ለሚወዱ አንድ አለ። በዘመናዊ ሥነ ሕንፃ ስሙ እንደ ነቢይ የሚጠራው ለ ኮርቡዚየ በ1952 እ.ኤ.አ. በደቡብ ፈረንሳይ፣ ሮክብሩን ካፕ ማርታን በተባለ የባሕር ዳርቻ ለራሱ የሠራት የዕረፍት ጎጆ በየጎኗ 3 ሜትር ከ66 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበረች። ሰፋፊ ሕንፃ የነደፈው ሰው በውስጧ የተቀመጠው ሳጥን በመሰለ በርጩማ ላይ ነው፤ ሲያሻው በአንዱ ጎን፣ ሲያሻው በሌላው ጎን ያቆመዋል። ያንን በርጩማ የጣሊያን ፋብሪካ እያባዛ በውድ ዋጋ ይሸጠዋል። የቦርኮቶ ዕጣ ካፕ ማርታንም ደርሷል ማለት ነው።

ስለ ጂንካ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ፎቶግራፍ ነው። እኔ ግን ስለ ተከራይ ክፍል ማውራት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ጂንካ ተመድቦ የሄደ አስተማሪ ወይም ነርስ የሚኖረው በሥዕል ካርዱ ውስጥ ሳይሆን በሰርቪስ ቤት ውስጥ ነውና። አንዲት ክፍል። ግድግዳዋ እንጨትና ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ። አልጋው ቀን ሶፋ ነው፤ ሻንጣው አልጋ ሥር ሆኖ ቁም ሳጥን ነው፤ መሀል ለመሀል የተወጠረ መጋረጃ መኝታ ቤትና ሳሎን ይፈጥራል። ማንም ዲዛይነር ያልነደፈው ይህ አያያዝ ቦርኮቶን ይመስላል፤ እያንዳንዱ ዕቃ ሁለትና ሦስት ሥራ ይሠራል። ከሁሉ በላይ ግን ቤቱን ቤት የሚያደርገው በረንዳው ነው። ጂንካ ዝናብ አይተዋትም። ቆርቆሮው ወጣ ብሎ ያጠለላት ያቺ የአንድ ሜትር መደብ ማድቤት ነች፣ ልብስ ማስጫ ነች፣ ቡና የሚፈላባት ነች፣ ጎረቤት ሳይጠራ መጥቶ የሚቀመጥባት ነች። ውስጡ 12 ካሬ ሜትር የሆነ ሰው በረንዳ ካለው አይታፈንም።

አሁን ታዲያ አከራዩ ቤቱን ሲያድስ መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? በረንዳውን በብሎኬት ይዘጋና አንድ ሌላ ክፍል ያወጣበታል። የቀረውን ሴራሚክ ያለብሰዋል። ኪራዩ ይጨምራል፣ ፊቱ ያብረቀርቃል፣ ተከራዩም ከሰሉን በር ዘግቶ ያቀጣጥላል። አዲስ አበባም ያለው ልማድ ያው ነው፤ ሰገነቱን በመስታወት ዘግቶ ሳሎን ማስፋት። በሁለቱም ከተማ የሚቆረጠው የትንሽ ቤት ሳንባ ነው፤ በሁለቱም ምክንያቱ አንድ ነው፤ በረንዳ በፎቶግራፍ ላይ ምንም አይመስልም።

እስከዚህ የተነበበው የደቡብ ኦሞን ኑሮ አወድሶ የከተማውን የሚያጣጥል እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። «ባህላዊ ቤት ተስማሚ ነው» የሚል ሰው፣ «ለማን?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ቦርኮቶ የወንድ ዕቃ ነው፤ ሴቷ የምትቀመጠው በቁርበት ላይ ነው። የዳሰነች ቤት ሌላ ምሳሌ ይሆነናል። እንጨቱ ጎብጦ ታስሮ፣ ቆዳና ምንጣፍ፣ አሁን አሁንም የቆርቆሮ ቁርጥራጭ የሚለብስ ዝቅ ያለ ክብ ጎጆ ነው፤ ከብቱ ሲንቀሳቀስ ይፈታና በአህያ ተጭኖ ይሄዳል። ለሥነ ሕንፃ ተማሪ አስደናቂ ሥራ ነው፤ ሠሪዋ፣ ፈቺዋ፣ ጫኚዋ ግን ሴቷ ነች። በኦሞራቴ ሙቀት ቆርቆሮ የለበሰ ጎጆ ውስጥ መዋልም የውበት ጥያቄ አይደለም። የኦሞ ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሞልቶ በዳሰነች ምድር ከ300 በላይ ሰው ሲወስድ፣ ተፈትቶ የሚጫን ቤት እንኳ ማምለጫ አልሆነም።

ስለ ሐመር ብዙ የጻፉት ጂን ሊዳል ከልጃቸው ከካይራ ሽትሬከር ጋር በ2001 እ.ኤ.አ. የሠሩት፣ በአማርኛ «የዱካ አጣብቂኝ» ልንለው የምንችለው ዘጋቢ ፊልም ይህንኑ ነገር ከውስጥ ያሳየናል። ባሏ ሁለተኛ ሚስት ያገባባት የዱካ ታሪክ ነው። ተመልካች ስለ ቅናት ፊልም እንደሚያይ ይጠብቃል፤ ያያልም። ይሁንና ነገሩ ሲካረር የሚያረግበው ምክርና ሽምግልና ብቻ አይደለም፤ ለአዲሲቱ ሚስት የራሷ ቤት መሠራቱ ነው። እንጨት ይተከላል፣ ሣር ይከደናል፣ የየራስ ምድጃ ይኖራል። ፊልሙን ካየሁ በኋላ የኮንዶሚኒየሙን ክፍት ማድቤት በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። በአማትና በምራት፣ በእንግዳና በባለቤት መካከል አንድ ግድግዳ ምን ያህል ሰላም እንደሚጠብቅ ሐመሮች ያውቁታል፤ እኛ በመዶሻ እናፈርሰዋለን።

ጂንካን ቁልቁል ከሚያየው ኮረብታ ላይ፣ ጀርመናዊው አንትሮፖሎጂስት ኢቮ ሽትሬከር የመሠረቱት የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የምርምር ማዕከል አለ። የአካባቢው ሕዝቦች ዕቃ ተሰብስቦ የሚታየው እዚያ ነው። ሙዚየም ዕቃን ከሥራ ማስቆም መብቱ ነው፤ የተቋቋመውም ለዚያ ነው፤ ጎብኚው ዓይቶ፣ አንብቦ፣ ተምሮ ይወጣል። ሙዚየም ውስጥ ግን ማንም አያድርም፣ ልጅ አያሳድግም። ቤታችንን ትንሽ ሙዚየም ለማድረግ ስንነሣ የምንረሳው ይህንን ይመስለኛል። ቅዳሜ በጂንካ ገበያ የኣሪ ሴቶች የሠሩት ሸክላ ይሸጣል፤ ወጥ ይሠራበታል፣ ቡና ይፈላበታል። እዚያው አገር ሸክላ ሠሪዎቹ «ማና» እየተባሉ ሲገለሉ ኖረዋል። ያ ሸክላ አዲስ አበባ ሲደርስ የፕላስቲክ አበባ ተሰክቶበት የቴሌቪዥን ማስቀመጫው አጠገብ ይቆማል። ሠሪዋን ያልተቀበለ ማዕድ ሥራዋንም ከማዕድ አወጣው ማለት ነው።

ቦርኮቶውን ከቡፌ ያወጡ ሰዎችም አይቻለሁ። ቡና የምታፈላው ልጅ ትቀመጥበታለች፤ ሥራ ሲያልቅ ሶፋ ሥር ይገባል። ቡፌውን ከወገቡ አስቆርጠው ግማሹን የልጅ ጠረጴዛ፣ ግማሹን የዕቃ መደርደሪያ ያደረጉ ባልና ሚስትም አሉ። ብርጭቆዎቹ ከማድቤቱ በር በላይ ባለው ርብራብ ላይ ወጡ፤ ሰው በሚመጣበት ቀን በወንበር ይወርዳሉ። አያምርም ያለ ዘመድ አልጠፋም። በበኩሌ ያ ርብራብ ያምራል እላለሁ፤ አናጺው ጠርዙን በሞረድ አለስልሶ ጥቂት ኩርባ ስላወጣለት።

የቦርኮቶ ገበያው ራሱ እየተለወጠ መሆኑን ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። ቸርችል ጎዳና ካሉት የስጦታ ዕቃ መደብሮች በአንዱ አዲስ የተጠረበ፣ ቫርኒሽ የተቀባ፣ እግሩ ከልክ በላይ የቀጠነ ቦርኮቶ አየሁ። ላነሣውና ልሞክረው ጎንበስ ስል ሻጩ እጁን ዘረጋ። «ጋሼ፣ አይቀመጡበት» አለኝ፤ «እሱ ለጌጥ ነው።»